ነፋስ ሲበረታ ሸራ ለምን ያንሳል?

ነፋስ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ነቅሎ ሲወስድ ያየ ሰው፣ አየር ግዝፈት ያለው ነገር መሆኑን ለማመን ሌላ ማስረጃ አያሻውም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከታቸው ስፖርተኞች እንዲህ ያለውን ነፋስ ጠብቀው፣ ሸራ ይዘው ወደ ባሕር የሚወጡ ናቸው። ስፖርቱ ዊንድሰርፊንግ ይባላል። ስፖርተኛው በአንዲት ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ በሁሉም አቅጣጫ በሚታጠፍ መገጣጠሚያ ከሰሌዳዋ ጋር የተያያዘውን ሸራ በእጆቹ ይቆጣጠራል። ኒውማን ዳርቢ የተባለ አሜሪካዊ የሸራ ሰሌዳውን ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሕዝብ ያቀረበው «ፖፑላር ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት መሆኑን ስናስታውስ፣ የሳይንስ መጽሔት አዘጋጆች እንደመሆናችን ደስ ይለናል።

ዊንድሰርፊንግ እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የገባው በእሽቅድምድም መልኩ ነው። የማዕበል ውድድር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ተወዳዳሪዎቹ በአጭር ዙር ውስጥ ከማዕበል ላይ እየተነሡ በአየር ይዘላሉ፤ ሲመለሱም ማዕበሉን እየጋለቡ ይታጠፋሉ። ዳኞች ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣሉ፤ የሚቆጠረውም የተሻለው ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው ሥፍራ ከካናሪ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በግራን ካናሪያ፣ በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ የሚገኘውን ፖዞ ኢዝኪዬርዶን ነው። በተለይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት የንግድ ነፋሳት ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደሴቲቱ ይነፍሳሉ። ወትሮ አየር ከፍታው በጨመረ ቁጥር ይቀዘቅዛል። በዚህ አካባቢ ግን በባሕሩ ላይ ካለው ቀዝቃዛ አየር በላይ ሞቃት የአየር ንብርብር ተዘርግቶ እንደ ክዳን ይጫነዋል። የደሴቲቱ ተራሮች ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላቸው ክዳኑን አልፈው ይወጣሉ። ታች ያለው ነፋስ ታዲያ በተራራው አናት መሻገር ስለሚያዳግተው በጎንና በጎን ይሽሎከለካል፤ በጠበበ ቦይ እንደሚያልፍ ውኃም ፍጥነቱ ይጨምራል። በማዕበል ውድድር በተደጋጋሚ የዓለም ሻምፒዮን የሆኑት መንትያ እህትማማቾች ዳይዳና ኢባያ ሩዋኖ ሞሬኖ የተካኑት በዚሁ ነፋስ ነው።

ለመሆኑ ይህ ነፋስ በአንድ ሸራ ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት ምን ያህል ነው? የነፋስ ግፊት የሚገኘው የአየርን እፍግታ ግማሽ በፍጥነቱ ስኩዌር በማባዛት ነው። በባሕር ወለል የአንድ ሜትር ኩብ አየር ግዝፈት ወደ 1.2 ኪሎ ግራም ስለሚጠጋ ግማሹን 0.6 እንበል። ነፋሱ በሴኮንድ 10 ሜትር (በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር) ሲነፍስ ግፊቱ በአንድ ካሬ ሜትር 60 ኒውተን ይሆናል። ፍጥነቱ ወደ 20 ሜትር ሲያድግ ግን 120 ሳይሆን 240 ኒውተን ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የሸራው ቅርጽ፣ ወደ ነፋሱ የዞረበት ማዕዘንና የሰሌዳዋ ጉዞ ይህን ቁጥር ከፍና ዝቅ ያደርጉታል፤ ለስሌታችን ግን ይበቃል።

እንግዲህ 5 ካሬ ሜትር ሸራ በመጀመሪያው ነፋስ 300 ኒውተን፣ በሁለተኛው 1,200 ኒውተን ያርፍበታል። ግዝፈቱ 75 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ክብደት 735 ኒውተን ብቻ መሆኑን እናስታውስ። ሸራውን ለመመከት ያለው ዋነኛ መሣሪያም ሰውነቱን ወደ ነፋሱ አዘንብሎ በዚሁ ክብደት መሳብ ነው። ስለዚህ 3.5 ካሬ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ሸራ ይይዛል። ትንሽ ሸራ ምሰሶውም አጭር ስለሆነ ጉልበቱ የሚያርፍበት ነጥብ ዝቅ ይላል፤ ይህም ተወዳዳሪውን የሚገለብጠውን ጉልበት ያዳክመዋል። ክብደታቸው ቀላል የሆኑ ተወዳዳሪዎች ከሌሎቹ ያነሰ ሸራ የሚመርጡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስሌቱን ጠንቅቆ የሚከታተል አንባቢ፣ «በ20 ሜትር ነፋስ ያንኑ 300 ኒውተን ለማግኘት 1.25 ካሬ ሜትር ሸራ አይበቃም ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ነፋስ እንደ ሰንጠረዥ ቁጥር ባለበት አይቆይም። ከ20 ወደ 24 ሜትር ድንገት ሲያይል ጉልበቱ በ44 በመቶ ይጨምራል፤ በ3.5 ካሬ ሜትር ሸራ ላይ ከ840 ወደ 1,210 ኒውተን ገደማ ይደርሳል። በሁለት ማዕበሎች መካከል ባለው ረባዳ ደግሞ ማዕበሉ ራሱ ነፋሱን ስለሚከልል ጉልበቱ በአንድ አፍታ ይወርዳል። ሸራው ከመጠን በላይ ያነሰበት ተወዳዳሪ እዚህ ላይ ይቆማል። ያኔ የሚሰበረው ማዕበል ደርሶበት ወደ ዳርቻው ይገፋዋል፤ የፖዞ ዳርቻ ደግሞ አሸዋ ሳይሆን ድንጋይ ነው። የበዛውን ጉልበት ሸራውን በመጠኑ ከፍቶ ነፋሱን በማሳለፍ መቀነስ ይቻላል፤ የጎደለውን ግን ከየትም ማምጣት አይቻልም። በእኛ አስተያየት የዚህን ውድድር ግማሽ የሚወስነው ይህ ምርጫ ነው።

ዝላዩም ቢሆን ከሸራው መጠን ጋር የተያያዘ ነው። ከ5 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ አካል ውኃው ላይ ለመድረስ የሚወስድበት 1 ሴኮንድ ገደማ ነው። ሁለት ጊዜ ወደፊት ለመገለባበጥ የሚፈልገው ተወዳዳሪ ለመውጣትም ለመውረድም ያለው ጊዜ ይህን ያህል አጭር ነው። በመሆኑም በኋላ እጁ ሸራውን ሳብ አድርጎ ነፋሱ ራሱ እንዲያሽከረክረው ያደርጋል፤ ወዲያው ሰውነቱን ይሰበስባል። በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጦ የዘረጋቸውን እጆቹን ወደ ደረቱ የሰበሰበ ሰው ሽክርክሪቱ እንደሚፈጥንለት ሁሉ፣ እርሱም ይፈጥናል። ሸራው ከበዛበት ግን ነፋሱ ከሚፈልገው በላይ ያሽከረክረዋል፤ በጀርባው ይወድቃል፤ ምሰሶ ሊሰበርም ይችላል።

ተወዳዳሪዎች ሸራቸውን የሚመርጡት ከዙሩ በፊት ነው። በመካከል ወደ ዳርቻ ወጥቶ መቀየር ከጥቂቶቹ ደቂቃዎች አብዛኛውን ይበላል። ልምድ ያላቸው ሁለትና ሦስት ሸራዎችን ወጥረው ያዘጋጃሉ፤ ዓይናቸውን ከባሕሩ ሳይነቅሉም ከፊታቸው ያለው ዙር እስኪያልቅ ይጠብቃሉ።