የፈጠራ ሥራ እንደ ጥናት፦ ለገምጋሚ የሚቀርበው ማስረጃ
ክሪስቶፈር ፍሬይሊንግ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጽሑፍ ስለ ኪነ ጥበብ፣ ለኪነ ጥበብ እና በኪነ ጥበብ አማካይነት የሚካሄዱ ጥናቶችን ለይተዋል። አስቸጋሪው የመጨረሻው ነው፤ ሠዓሊው እየሠራ የሚያገኘው ዕውቀት ከተጠናቀቀው ሸራ ላይ ሁልጊዜ አይነበብምና። በዚህም ምክንያት የብሪታንያ የ2021 የምርምር ግምገማ፣ የጥናቱ ሂደት ከሥራው በግልጽ በማይታይበት ጊዜ እስከ 300 ቃላት የሚደርስ ማብራሪያ እንዲያያዝ ፈቅዷል። ለዓመታት ድካም ይህ እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ ክብደቱ በማስረጃው ላይ ያርፋል፦ ቀን በተጻፈባቸው ንድፎች፣ በተተወው ሐሳብና በተተወበት ምክንያት። ሂደቱን ከዐውደ ርእዩ በኋላ ከትዝታ የሚጽፍ ተመራቂ ግን ሳያውቀው ውድቀቱን ይሰርዛል፤ መንገዱም ከመጀመሪያው ቀጥ ያለ ይመስላል። ያን ጊዜ፣ ቀለሙ ለምን ሦስት ጊዜ እንደ ተቀየረ የሚጠይቅ ገምጋሚ ከመዝገቡ መልስ አያገኝም።