የንግድ መጽሐፍና የሂሳብ መዝገብ

ትምህርታችንን ስንጨርስ ደመወዝ ከመጠበቅ ይልቅ ገንዘብ አዋጥተን ንግድ እንክፈት የምንል ተማሪዎች ጥቂት አይደለንም። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ለዚሁ መዘጋጃ ብለን የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ የባለጠጎችን የሕይወት ታሪክ ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ልብን ያሞቃል እንጂ፣ በዱቤ ወስዶ ያልከፈለውን ደንበኛ ምን እናድርገው ብንለው መልስ የለውም።

እኔ እንደሚመስለኝ ለነጋዴ የሚበጀው መጽሐፍ በገዛ መዝገቡ ላይ ሊፈትነው የሚችለው ነው። ሉካ ፓቾሊ የተባለው ኢጣሊያዊ መነኩሴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1494 በቬኒስ ባሳተመው ትልቅ የሂሳብ መጽሐፍ ውስጥ የከተማዪቱ ነጋዴዎች መዝገብ የሚይዙበትን ሥርዓት ጽፎአል። ሥርዓቱን እርሱ አልፈጠረውም፤ ነጋዴዎቹ ከእርሱ በፊት ይሠሩበት ነበር። በእርሱ አጻጻፍ ነጋዴው አስቀድሞ ያለውን ንብረት፣ ያለበትን ዕዳና ከሌላው የሚፈልገውን ገንዘብ ቆጥሮ ይጽፋል። ከዚያም ሦስት መዛግብት ይይዛል፤ በመጨረሻው ላይ እያንዳንዱ ነገር ሁለት ጊዜ፣ ማለት አንድ ጊዜ በዴቢት አንድ ጊዜ በክሬዲት ይገባል።

ሁለት ጊዜ መጻፉ ምን ይረባል የሚል ጓደኛ ቢኖር እርሳሱን ያንሣ። አራት ተማሪዎች 60,000 ብር አዋጥተው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፈቱ እንበል። በ50,000 ብር ዕቃ ገዙ። ከዚያ ውስጥ በ40,000 የተገዛውን በ52,000 ሸጡ፤ ነገር ግን በእጅ የገባው 7,000 ብቻ ሲሆን 45,000ው በዱቤ ነው። ለቤት ኪራይና ለሠራተኛ 9,000 ከፈሉ። ትርፋቸው 3,000 ብር ነው ቢሉ አልዋሹም። በሣጥናቸው ግን ያለው 8,000 ብር ብቻ ስለሆነ ያለቀውን የ40,000 ብር ዕቃ መተካት አይችሉም። የሽያጩን ደብተር ብቻ የሚያይ ሰው ደስ ይለዋል፤ ሁለቱን ወገን የሚያይ ግን 8,000 ጥሬ ገንዘብ፣ 10,000 ዕቃና 45,000 ዱቤ፣ በጠቅላላው 63,000 መሆኑን ይረዳል። ሀብታቸው ከሰው ኪስ ውስጥ ነው! ብዙ ሱቅ የሚዘጋው በኪሣራ ሳይሆን እንዲሁ እያተረፈ ነው።

ይህን የመዝገብ ትምህርት የያዘ አንባቢ ሌላውን መጽሐፍ በተለየ ዓይን ያነባል። የጆን ብሩክስ «ቢዝነስ አድቬንቸርስ» በ1969 የወጣ ነው፤ ዋረን ባፌት በ1991 ለቢል ጌትስ ያዋሰው ይህንኑ ነው። በውስጡ የፎርድ ኩባንያ ኤድሰል የተባለው መኪና ታሪክ ይገኛል። መኪናው በ1957 በብዙ ማስታወቂያ ወጥቶ በ1959 ሥራው ቆመ። ኩባንያው የገዢውን ስሜት ለማወቅ ሰዎችን አስጠይቆ ነበር፤ ለስሙ እንኳ ገጣሚዋን ማሪያን ሙርን አማክሮ በመጨረሻ ከእርስዋ ስሞች አንዱንም አልወሰደም።

ምዕራፉን ለማንበብ ያሰበ ሰው በየገጹ ጠርዝ ሁለት ነገር ይጻፍ፤ ኩባንያው ገንዘቡን ያወጣው መቼ ነው፣ ገዢው ምን እንደሚፈልግ ያወቀውስ ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከዚያም ሊከፍት ላሰበው ሱቅ ይህንኑ ጥያቄ ከዋጋ ጋር በወረቀት ያስፍረው።