የመሳቢያ ቱቦ አፍ ለምን ይስፋ?

ዛሬ በሳይንስ አምዳችን የምናየው ውሃ በሚስብ ቱቦ አፍ ላይ ስለሚገጠም ማጥለያ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሞተርም ዓሣም ያድናል።

1. ከዓሣ መስታወት እንጀምር

ዓሣ በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች የመስታወት ገንዳ (አኳሪየም) አላቸው። ውሃው እንዳይበላሽ አንዲት ትንሽ ሞተር በቱቦ እየሳበች አጣርታ ትመልሰዋለች። ችግሩ ቱቦው ውሃ ብቻ አይስብም፤ አዲስ የተፈለፈሉ የዓሣ ጫጩቶችም ተስበው ይገባሉ። ስለዚህ መሃሉ የተበሳ ስፖንጅ የቱቦው አፍ ላይ ያጠልቁበታል። ከዚያ በኋላ ጫጩቶቹ ስፖንጁ አጠገብ እየዋኙ ምንም አይሆኑም።

ለምን? "ቀዳዳው ስለጠበበ ነዋ!" ትሉ ይሆናል። ይሄ ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ ፍጥነት ነው። ሞተሯ የምትስበው ውሃ ያው ነው፤ ግን በአንድ ጠባብ አፍ ይገባ የነበረው ውሃ አሁን በስፖንጁ ዙሪያ ሁሉ ተከፋፍሎ ይገባል። አባቶቻችን "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይሉ የለ? ውሃውም ለብዙ ቀዳዳ ሲካፈል እያንዳንዱ ቀዳዳ ጋ ቀስ ብሎ ይገባል። ቀስ ካለ ደግሞ ጫጩቷ ዋኝታ ታመልጣለች።

2. ይሄ እኛን ምን ያገባናል?

ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ አካባቢ ተነስተው በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ወርደን ፎገራ ስንደርስ፣ በበጋ ገበሬዎች ከእነዚህ ወንዞች በውሃ ሞተር እየሳቡ ሽንኩርትና ሌላም አትክልት ያጠጣሉ። ሞተሩ ለበጋው ምርት ይጠቅማል።

እነዚሁ ወንዞች ግን የዓሣ መራቢያም ናቸው። ጣና ውስጥ ላቤዮባርበስ የሚባል የዓሣ ወገን አለ። ከዝርያዎቹ 15 ያህሉ ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። የተወሰኑት በክረምት ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይዋኙና ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ጫጩቶቹ አድገው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ሞተር ደግሞ ውሃንና ጫጩትን አይለይም።

3. እስቲ እናስላው

የመሳቢያው ቱቦ አፍ ስፋት (ዲያሜትር) 8 ሳ.ሜ ነው እንበል። የአፉ ቦታ 3.14 × 4 × 4 = 50 ካሬ ሳ.ሜ ያህል ነው። ሞተሩ በሰከንድ 10 ሊትር ማለትም 10,000 ኪዩቢክ ሳ.ሜ ከሳበ፣ ፍጥነቱ 10,000 ÷ 50 = በሰከንድ 200 ሳ.ሜ ይሆናል። 4 ሳ.ሜ የምትረዝም ጫጩት በሰከንድ የራሷን ርዝመት 4 እጥፍ ብትዋኝ 16 ሳ.ሜ ብቻ ነው። አታመልጥም።

አሁን ቱቦውን ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 40 ሳ.ሜ በሆነ የወንፊት ቅርጫት ውስጥ እናስገባው። የጎኑ ዙሪያ 3.14 × 30 × 40 = 3,768 ካሬ ሳ.ሜ ነው። ግማሹ ሽቦ፣ ግማሹ ክፍት ቢሆን 1,884 ይቀራል። 10,000 ÷ 1,884 = በሰከንድ 5.3 ሳ.ሜ ገደማ። ጫጩቷ አመለጠች!

ጀሪካን በሚስማር ብንበሳስ? ባለ 5 ሚ.ሜ ቀዳዳ 0.2 ካሬ ሳ.ሜ ገደማ ነው። ያንኑ ያህል ክፍት ቦታ ለማግኘት ከ9,000 በላይ ቀዳዳ ያስፈልጋል። ማን ይበሳዋል? ስለዚህ ወንፊት ይሻላል።

4. አሠራሩ

ሀ) ከቀጭን ብረት ቅርጫት ይሠራል። ካልጠነከረ ሞተሩ ሲስብ ይጨማደዳል።
ለ) ጎኑ፣ ታቹና ላዩ በሽቦ ወንፊት ይሸፈናል። የወንፊቱ ቀዳዳ ከጫጩት ራስ ያነሰ ይሁን።
ሐ) የቱቦው ጫፍ ከነቫልቩ መሃል ላይ ይታሰራል። ወንፊቱን ከነካ ውሃው በዚያች ቦታ ብቻ ይገባና ልፋታችን ከንቱ ይሆናል።
መ) ቅርጫቱ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ መሬት ላይ ካረፈ ደለል ይስባል። ውሃውም ሙሉ በሙሉ ይሸፍነው፤ አለበለዚያ ሞተሩ አየር ይስባል።
ሠ) ቅጠሉና ጭቃው በየጊዜው ይጠረግ፤ ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው።

ስፖንጁን ወንዝ ላይ አንጠቀምም፤ በጭቃ ቶሎ ይደፈናል። የተደፈነ ማጥለያ ሞተሩን ውሃ ያስጠማዋል፤ ሞተሩ ያለ ውሃ ሲሽከረከር ይግላል፣ ይበላሻል። የመስታወቱ ስፖንጅ ደግሞ የሚታጠበው ከራሱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው። ውስጡ ቆሻሻውን የሚለውጡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ይገድላቸዋል።

ከሞተሩ ጋር የሚመጣ ትንሽ ወንፊት አለ፤ ድንጋይ ይከለክላል። ግን ጠባብ ስለሆነ ፍጥነቱን ብዙ አይቀንስም። ገበሬው ቅርጫቱን ሲጨምር መጀመሪያ የሚጠቀመው ራሱ ነው፤ ጠጠርና ቅጠል የሞተሩን ክንፍ አይመታበትም። ጣና ላይ ዓሣ የሚያጠምደውም ይጠቀማል። ፎገራ ዘመድ ያላችሁ ልጆች ስትሄዱ ስሌቱን አሳዩአቸው።

ጥያቄ፦ የቅርጫቱ ቁመት ከ40 ወደ 20 ሳ.ሜ ቢያጥር ፍጥነቱ ስንት ይሆናል? ባለ 4 ሳ.ሜዋ ጫጩትስ ታመልጣለች? መልሱን ለክበባችን አስረክቡ።