ቀለበቱና የመጀመሪያው ውሸት

የአስማት ዕቃ በልብ ወለድ ውስጥ ሰውን እንዴት እንደሚያበላሽ ለመመርመር የሚነሣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሰው ግፉን ነው፤ ስሚጎል ለቀለበት ሲል ወዳጁን ዲያጎልን አንቆ መግደሉን፣ ቦሮሚር አገሩን አድናለሁ ብሎ በፍሮዶ ላይ መነሣቱን። እኔ ግን የጥፋቱ መጀመሪያ ከዚህ በጣም ባነሰች ነገር፣ ይኸውም በአንዲት ውሸት ላይ ይገኛል እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኦክስፎርዱ መምህር ጄ. አር. አር. ቶልኪን «ሆቢት» የተባለውን መጽሐፍ በ1937 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመ ጊዜ፣ ቀለበቱ ሰውን ከዓይን ከመሰወር በቀር ሌላ ክፋት አልነበረበትም። ጎለም የተባለው የዋሻ ፍጡር ከቢልቦ ጋር እንቆቅልሽ ሲጫወት፣ ቢሸነፍ ስጦታ ሊሰጠው ቃል ይገባል፤ በእኛ እንቆቅልሽ የተሸነፈው አገር እንደሚሰጠው መሆኑ ነው። ስጦታውም ያው ቀለበት ነበር። ቢልቦ ግን ቀደም ብሎ አግኝቶ በኪሱ ከቶታልና ጎለም ፈልጎ ባጣው ጊዜ ደጋግሞ ይቅርታ ይለምናል፤ በምትኩም መውጫውን ያሳየዋል።

ደራሲው በ1954 እና በ1955 የታተመውን «የቀለበቶቹ ጌታ»ን ሲጽፍ ግን ቀለበቱ ያዡን የሚገዛ ሆነ። ታዲያ እንዲህ ያለውን ዕቃ ማን በፈቃዱ ይሰጣል? ስለዚህ በ1951 እትም ምዕራፉ ተለወጠ፤ ጎለም ቃል የሚገባው መውጫውን ለማሳየት ብቻ ሆነ፤ ቀለበቱ መጥፋቱን ሲያውቅም ቢልቦን ሌባ እያለ ይጮኻል።

ሌላ ደራሲ ቢሆን የፊተኛው እትም እንዲረሳ በተወው ነበር። ቶልኪን ግን የፊተኛውን ታሪክ የቢልቦ የራሱ ውሸት አደረገው! ቢልቦ ቀለበቱን በስጦታ አገኘሁት ብሎ ለባልንጀሮቹ ነገራቸው፤ በማስታወሻውም ጻፈው። ጋንዳልፍን ያሳሰበውም ይኸው ነው፤ ሰውየው መዋሸት ልማዱ አልነበረምና። ጎለምም በበኩሉ የልደት ቀን ስጦታዬ ነው ይል ነበር። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል፤ አንዱ ነፍስ አጥፍቶ፣ ሌላው ከመሬት አንሥቶ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት የባለቤትነት ማስረጃ ያቀርባሉ። ቀለበቱ ቢልቦን ገና ምንም ግፍ ሳያሠራው ጠበቃው አደረገው።

አፍላጦን በጻፈው የልድያ እረኛ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ያ እረኛ በተሰዋሪ ቀለበቱ ንጉሡን ገድሎ መንግሥቱን ሲወስድ ለማንም ማስረጃ አላቀረበም፤ ቀለበቱ የነሣው የመታየትን ፍርሃት ብቻ ነው። የቶልኪን ቀለበት ግን የሚገባው በደግነትም በኩል ነው፤ ጋንዳልፍ አልቀበልም ያለው በርኅራኄዬ በኩል ይገባብኛል ብሎ ነው። ከመጽሐፉ ሁሉ እኔን ያስፈራኝ ይህ እንቢታ ነው።

ቢልቦ ቀለበቱን ለፍሮዶ ትቶ ከሄደ ከ17 ዓመት በኋላ፣ በሪቨንዴል ጉባኤ ላይ እውነተኛውን ታሪክ አንድ ሳያስቀር ተናገረ፤ ቀድሞ በሌላ መልክ የሰሙትንም ይቅርታ ጠየቃቸው።