የሚሽከረከር ፕሮፔለር በትንንሽ የአውሮፕላን ሞዴሎች ላይ እንዴት ይታያል?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጣም ትንንሽ በሆኑ የአውሮፕላን ሞዴሎች ላይ ፕሮፔለሩ የሚሽከረከር እንዲመስል ማድረጊያውን መንገድ፣ ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ለዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ማካፈል ነው።

ሞዴሌ ሲ-47 ነው፤ ማለትም የዲሲ-3 ወታደራዊ ማመላለሻ ዓይነት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው የመጀመሪያ በረራ በዚህ አውሮፕላን ስለነበር ነው የመረጥኩት። ስኬሉ 1፡144 ነው። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 29 ሜትር የሚሆነው አውሮፕላን 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 3.5 ሜትር የሆነው ፕሮፔለር ደግሞ 24 ሚሊ ሜትር ብቻ።

ሞዴሉን በበረራ ላይ እንዳለ አድርጌ ልሰቅለው ስለፈለግሁ ብሌዶቹን ቆርጬ ጣልኩና በቦታቸው ከትራንስፓረንሲ የተቆረጠ ክብ ለጠፍኩ። (የኦቨርሄድ ፕሮጀክተሩ ትራንስፓረንሲ ዛሬ ማንም ስለማይፈልገው ስቶር ውስጥ ሞልቷል።) ክቡን ከመሃል እስከ ዳር እኩል ግራጫ ቀባሁትና ደስ ብሎኝ ለአጎቴ አሳየኋቸው። አጎቴ በአውሮፕላን መካኒክነት ብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ምጣድ ነው!» አሉኝ። «ፕሮፔለር እንዲህ ቢታይ ኖሮ ማን ይፈራው ነበር? የሚያስፈራው ስለማይታይ ነው እኮ። ጫፉ ቢጫ የሚቀባው ለጌጥ መሰለህ?» ይህን ሲሉ ቀኝ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋቸውም።

እንግዲህ ወደ ስሌቱ እንግባ። የሲ-47 ሞተር በመነሻ ጊዜ በደቂቃ 2700 ዙር ይዞራል፤ ፕሮፔለሩ ግን በማርሽ ተቀንሶ 1500 ያህል ነው። ይህም በሰከንድ 25 ዙር ማለት ነው። ብሌዱ ሦስት ስለሆነ በአንድ ቦታ ላይ በሰከንድ 75 ጊዜ ብሌድ ያልፋል። ዓይናችን ደግሞ በሰከንድ ከ60 ገደማ በላይ የሚመላለስን ነገር ነጣጥሎ ማየት ያቅተዋል፤ የሚያየው አማካዩን ነው። አማካዩ ስንት ነው? ሞዴሌ ላይ የአንዱ ብሌድ ስፋት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ሦስቱ 6። ከመሃል 4 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ዙሪያው 25 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብሌዶቹ የሚሸፍኑት 24 በመቶውን ነው። በ11 ሚሊ ሜትር ላይ ግን ዙሪያው 69 ስለሚሆን ሽፋኑ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል። (ብሌዱ ጠማማ ስለሆነና ጫፉም ስለሚጠብ ስሌቱ ግምታዊ ነው።) ስለዚህ ክቡ መሃሉ ጠቆር ብሎ ወደ ዳር እየጠፋ መሄድ አለበት። የኔ ምጣድነት እዚህ ላይ ነበር።

አንዳንዶች ከፎቶግራፍ ቀድተው ሦስት የደበዘዙ ብሌዶች ይሥላሉ። ይህ የካሜራው እይታ ነው፤ በ1/1000 ሰከንድ ብሌዱ 9 ዲግሪ፣ በ1/250 ደግሞ 36 ዲግሪ ይጓዛል። ሞዴሉ በፎቶ ብቻ የሚታይ ከሆነ ትክክል ነው። ሰው ቆሞ የሚያየው ከሆነ ግን አይሆንም።

ሁለተኛውን እንዲህ ሠራሁት። ክቡን በመቀስ ሳይሆን ሁለት መርፌ ባለው ኮምፓስ ደጋግሜ ጭሬ አወጣሁት። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ክቡን እያዞርኩ ቀስ ብዬ አሸሁት፤ ጭረቱ ዙሪያውን መከተል አለበት። ከዚያ የ2ቢ እርሳስ ዱቄት በጥጥ አድርጌ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር እያቀለልኩ ቀባሁ። የአጎቴ ቢጫም አልቀረም። 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ቢጫ ጫፍ በዚህ ስኬል 0.7 ሚሊ ሜትር ቀለበት ነው፤ እሱም እጅግ በቀጠነ ቀለም፣ ይኑር አይኑር እስኪያጠራጥር ድረስ። ለማጣበቅ ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፤ ትነቱ ፕላስቲኩን ያነጣዋል። ኮላ ይበቃል።

ከተበላሸ ሞባይል የንዝረት ሞተር አውጥቶ እውነተኛ ብሌድ ማሽከርከርም ይቻላል፤ የሞተሩ ቤት 8.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይገባል። እኔም ሞክሬ ነበር፤ ግን በወርክሾፑ ፍሎረሰንት ሥር ጉድ አየሁ! በ50 ኸርዝ መብራት አሮጌው ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ስለሚል፣ ባለ ሦስት ብሌዱ ፕሮፔለር በደቂቃ ወደ 2000 ዙር ሲደርስ የቆመ ይመስላል፤ ትንሽ ሲቀንስ ወደ ኋላ ይዞራል። ተውኩት።

አጎቴ የተሰቀለውን ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ፕሮፔለሩንስ የት አደረግኸው?» ብለው ነበር። የቀረኝ ችግር ነጸብራቅ ነው፤ ከመስኮት በኩል ብርሃን ሲመጣ ክቡ እንደ መስተዋት ያበራል። የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ብቀባው ወተት መሰለብኝ። የተሻለ ዘዴ ያለው ተማሪ ካለ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፕ አልጠፋም።