ቅድመ አያቱ ጀርመን ነበር ለተባለ ልጅ

ልጄ፣ ቅድመ አያትህ ወታደር የነበረ ጀርመናዊ ነው፣ መጥቶም በዚሁ በስምጥ ሸለቆው ሰፍሮ ቀረ ሲባል ሰምተህ ዘሩን ልትፈልግ ተነሥተሃል። ጥሩ ነው። ከአዳማ ሳትወጣ ግን ስማኝ።

1. ከጀርመን አትጀምር፤ ከሴት አያትህ ጀምር። ስልክህን ደግነህባቸው ሳይሆን ቡናው ተፈልቶ፣ ሁለተኛው ሲቀዳ። ኦሮምኛ ከቀለላቸው ቋንቋውን የሚችል ዘመድ ይዘህ ሂድ፣ እንደ ወጉም «አኮ» (ሴት አያት ማለት ነው) በላቸው። ደግሞም «ፈረንጁ ማን ነበር?» አትበል። «እናትዎ የማን ልጅ ነበሩ?» በል።

2. ሴቶቹን ተከተል። ለምሳሌ ኤዱዋርድ ዛንደር የሚባል የጀርመኗ አንሃልት ሰው ደጃዝማች ውቤን፣ ኋላም አፄ ቴዎድሮስን ያገለገለ ሠዓሊና መሐንዲስ ነበር። ከኢትዮጵያዊት የወለዳት ወለተ ኢየሱስ፣ በሌላ ስሟ ካታሪና፣ ጋፋት ላይ ለቴዎድሮስ መድፍ ከሚያቀልጡት የውጭ አገር ሰዎች አንዱን፣ ሞሪትዝ ሆልን፣ አገባች። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ከአገር ወጥተው ፍልስጤም ውስጥ ያፋ ሰፈሩ። ልጃቸው ማግዳሌና ኡስቲኖቭ የሚባል ባለርስት አገባች፤ ወንድ ልጇ ዮና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ተዋጋ፤ የዮና ልጅ ደግሞ ሁለት ኦስካር የወሰደው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ዛንደር፣ ሆል፣ ኡስቲኖቭ፦ የቤተሰቡ ስም ሁለቴ ተለወጠ፣ ሁለቴም በሴት ልጅ ጋብቻ። «ዛንደር» የሚለውን ስም ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው ፒተር ዘንድ አይደርስም። በእኛ በኩል ደግሞ ይብሳል፤ ልጁ በአባቱ ስም ሳይሆን በእናቱ አባት ስም ተጠርቶ አድጎ ይሆናል፣ ሰማንያም አልነበረ ይሆናል። ያን ስትሰማ ፊትህን አታኮሳትር፤ አኮ ካዩህ ዝም ይላሉ።

3. «ጀርመን» ስለተባለ ጀርመን ነው ብለህ አትመን። በባቡሩ መስመር ከተሞች ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ጣሊያኑም ኖሯል፤ ለጎረቤት ግን ሁሉም ፈረንጅ ነው። ከጋፋት መድፍ ቀላጮቹም ቢሆን ሆል ፖላንድ የተወለደ አይሁድ ነበር፤ ባልደረባው ዋልድማየር ደግሞ ስዊስ።

4. ማዕረጉን ለጊዜው ተወው። በየቤቱ ተራ ወታደር ሦስተኛው ትውልድ ላይ ሲደርስ ኮሎኔል ይሆናል። በዚያ ላይ የፕሩሲያ ጦር መዝገብ ቤት እ.ኤ.አ በ1945 ፖትስዳም ሲደበደብ ተቃጥሏል። ሰውየው የባቫሪያ ወይም የቩርተምበርግ ሰው ከሆነ ግን ሙኒክና ሽቱትጋርት መጠየቅ ያዋጣል። ስለዚህ ከማዕረጉ በፊት የትውልድ ከተማውን ፈልግ። ከተማውን ካገኘህ፣ ከ1876 እ.ኤ.አ ወዲህ የተወለደ በመላው ጀርመን በመንግሥት መዝገብ ይጻፋል፤ ከዚያ በፊት ለነበረው የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ አለ።

5. ዘመኑን ሁልጊዜ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፍ። ዛንደር የመጣው በ1847 እ.ኤ.አ ነው፤ ጌታው ውቤ ደረስጌ ላይ የተሸነፉት ደግሞ በ1847 ዓ.ም.። ሁለቱን ያምታታ ሰው ዛንደርን በሽንፈቱ ዓመት ያስገባዋል፤ በመካከሉ ግን ሰባት፣ ስምንት ዓመት አለ። የከተማ ስምም እንዲሁ፦ አዳማን ናዝሬት፣ ቢሾፍቱን ደብረ ዘይት፣ ባቱን ዝዋይ እያልክ ጭምር ፈልግ። አዲስ አበባ ወመዘክር ስትገባ ሁለቱንም ስም ጽፈህ ያዝ።

6. መሬት ነበረው ከተባለ ተጠንቀቅ። የገጠር መሬት በየካቲት፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ተወርሷል። የውርሱ ወረቀት ለታሪክህ ጥሩ ማስረጃ ነው። አሁን እዚያ የሚኖረው ገበሬ ግን የፈረንጅ ፊት ያለው ልጅ መጥቶ «ይህ የማን ነበር?» ሲለው ምን እንደሚያስብ ገምት። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ጋ ሂድ፤ መሬት ፍለጋ እንዳልመጣህ በእነሱ አፍ ይነገርልህ። ፎቶ ማንሳት ከዚያ በኋላ።

7. የቅድመ አያትህን መቃብር ካጣህ አዲስ አበባ ጉለሌ፣ ፈረንጆች የተቀበሩበት ጴጥሮስ ወጳውሎስ ሄደህ የመቃብር ድንጋዮቹን ጽሑፍ አንብብ።

8. ጀርመን ያለ ዘመድ ከተገኘ የመጀመሪያው ደብዳቤ አጭር ይሁን። ቅድመ አያትህ እዚያ ሚስትና ልጆች ትቶ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለ አንተ ወገን የሰሙት ነገር ላይኖር ይችላል። ቪዛ አታንሣ፣ ገንዘብ አታንሣ። የቅድመ አያትህን ስም፣ የምታውቀውን ዓመትና አንድ ፎቶ ላክ፤ መልሱ ወራት ቢፈጅም ሁለተኛውን ለመጻፍ አትቸኩል።