የገና ጨዋታ ከየት መጣ?

አንዳንድ ጓደኞቼ «የገና ልማድ ከአረማውያን የተቀዳ ስለ ሆነ በዓሉ ከንቱ ነው» ይላሉ። ነገሩን መርምሬ የደረስሁበትን እነሆ።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ354 የተጠናቀረ አንድ የሮማ መዝገብ ዲሴምበር 25ን የፀሐይም የክርስቶስም ልደት አድርጎ ይጽፈዋል። በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ይህ ቀን ከታኅሣሥ 29 ጋር ይገጥማል። በዚያው ሰሞን ሮማውያን ሳቱርናልያ የሚባል የጣዖት በዓል ነበራቸው፤ ባሪያ ከጌታው ጋር ይበላ፥ እንደ ልቡም ይናገር ነበር።

በእኛም አገር ቀድሞ በገና ጨዋታ ሎሌ ጌታውን ቢገፋ፥ ቢያላግጥበትም ቁጣ አልነበረም። ታዲያ ከሮማ ቀድተነው ይሆን? እኔስ አይመስለኝም። እረኞች ልደቱን ሰምተው በደስታ ሩር መቱ ሲባል ከአባቶች ሰምተናል፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ግን እረኞቹ አሉ እንጂ ሩሩ የለም።

ይልቅስ የደብረ ታቦርን ማሳ እንመልከት። በክረምት ጭቃ ነው፤ በመስከረም ሰብል ቆሞበታል፤ ታኅሣሥ ሲያልቅ ግን አጨዳው አብቅቶ ሜዳው ይለቀቃል፥ ገበሬውም ፋታ ያገኛል። ሳቱርናልያም የሚውለው የመኸር ዘር ከተዘራ በኋላ ነበር። ሁለቱን ያመሳሰላቸው የሥራ ፋታ ነው እላለሁ።

ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ የሚፈልግ ግን የገና ዛፍን ይመርምር፤ እሱ በ1605 በስትራስቡርግ ቤቶች ውስጥ ይቆም እንደ ነበር ተጽፏል።